የእማዬ ሳል 4 ዓመት ሆነው፣ ቲቢ አይደለም ተባለ

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 58 ዓመቷ ነው። መሳል ከጀመረች 4 ዓመት አለፋት፣ እኛም ብርድ ነው እያልን ዳማከሴና ዝንጅብል ስንሰጣት ከረምን። አሁን ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። አክታዋ 2 ጊዜ ታይቶ ቲቢ የለም ተባለ። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ምን ይሻላል?

ነርሷ፦ እንጀራ የምትጋግረው በምንድነው? በኩበትና በእንጨት ከሆነ የጭሱ ዓመታት ብቻቸውን ሳንባ ይጎዳሉ፣ ሲኦፒዲ የሚባለው የሳንባን ቱቦዎች የሚያጠብ በሽታ እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የአክታ ምርመራም አያሳየውም። ስፓይሮሜትሪ የሚባል የትንፋሽ ምርመራ ያስፈልጋታል። ቱቦ ውስጥ በኃይል ትተነፍሳለች፣ የሚሳብ መድኃኒት ወስዳ ትደግመዋለች። ከዚያ በኋላም በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ የሳንባ ቱቦዎቿ ጠበዋል ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ማሽኑን ካጣችሁ ሪፈር አጽፉ። አስምም ሊሆን ይችላል፣ ልብም ይታይ።

አቤል፦ አባቴ ኢንሄለር (የሚሳበው መድኃኒት) ሲታዘዝለት "ሱስ ይሆንብኛል" ብሎ 1 ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት 😅 ሱስ አይደለም፣ ንገራት።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ በኩበት ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ማንም ጠይቋት አያውቅም እኮ። ሰኞ ይዣት እሄዳለሁ።