ምዕራፍ 4 ላይ የቆመ ልብ ወለድ፣ ምን ይሻላል?

የኮዬዋ፦ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ ገባች። ከዚያ ወዲያ ብዕሬ አልንቀሳቀስ አለ። መላ በሉኝ።

አንባቢው፦ እህቴ፣ ችግሩ ያለው ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ቤቱን ስታገኝ ፍላጎቷ ሞላ፤ ታሪኩም እዚያው አለቀ። ተመለሽና ቤቱን ሊያሳጣት የሚችል ነገር አስገቢ፦ የተጠራቀመ የባንክ ዕዳ፣ «ድርሻዬን» የሚል ወንድም። «ምን ትፈልጋለች? ማን ይከለክላታል?» ለሚለው በአንድ መስመር ሳትመልሺ አዲስ ትዕይንት አትክፈቺ።

ሰያፍ፦ ልክ ነው። ግን ብዙ ሰው የሚደርቀው እየጻፈ ስለሚያርም ነው። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪ፣ 15 ደቂቃ ሳትሰርዢ በእጅ ጻፊ። ስታቆሚ ዓረፍተ ነገሩን አጋምሰሽ ተዪው፤ ነገ ከየት ልጀምር አትይም።

የአያት ልጅ፦ «መንፈሱ እስኪመጣ» የሚሉትን አትስሚ። ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሚና የሰዉን ንግግር እንደወረደ ያዢ፤ ገለጻው ይቆይ። አንድ ነገር ብቻ ምረጪ፤ ለምሳሌ ረዳቱ ጣቶቹ መሃል አጥፎ የሰካቸውን ብሮች። ሴትየዋ የመጨረሻ ብሯን ሰጥታ መልሱን ብትከለከልስ?

የኮዬዋ፦ ወንድምየው ምዕራፍ 1 ላይ አለ፣ ረስቼው ነው እንጂ! በሱ እገባለሁ።