ፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ይጠቅመዋል?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ኮምቦልቻ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኢኮኖሚክስ ነው። ቤቴ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ በሐረጎ እወርዳለሁ፣ ማታ ደግሞ እወጣለሁ። ፐብሊክ ፖሊሲ (የመንግሥት ፖሊሲ እንዴት እንደሚቀረጽና እንደሚገመገም የሚያጠናውን ትምህርት) ልማር ቆርጬ ነበር። ግን ባለፈው ክፍት መደብ ላይ የተወዳደረ ባልደረባዬ ማስተርሱን ይዞ "የትምህርት መስኩ አይገናኝም" ተብሎ ገና በማጣሪያው ወደቀ። ሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቼ፣ ከደመወዜ ከፍዬ፣ እኔም እንደሱ ብሆንስ? የተማራችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።

ቦርከና ዳር፦
ወንድሜ፣ እኔ ተምሬዋለሁ። ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው፣ ለዲግሪው አይደለም። ጄኢጂ (የሥራ ምዘናና ደረጃ አወጣጥ) ከመጣ ወዲህ ሥራው ተመዝኖ ከ22ቱ ደረጃዎች አንዱ ላይ ይቀመጣል፣ አንተ ማስተርስ ስለጨመርክ ደረጃው ንቅንቅ አይልም። የምታድገው ከፍ ያለ መደብ ተወዳድረህ ስታሸንፍ ነው። ስለዚህ ሳትመዘገብ በፊት ሰው ሀብት ግባና የምትፈልገውን መደብ ተፈላጊ ችሎታ አስወጥተህ አንብብ። ፐብሊክ ፖሊሲ የሚል ከሌለ "ተዛማጅ" የሚለውን ማን እንደሚወስን ጠይቅ። ሹመት ካሰብክ ደግሞ እሱ ሌላ መንገድ ነው፣ በትምህርት ማስረጃ ብቻ አይገኝም።

የሙጋዷ፦
ልጄ፣ ቦርከና ዳር ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ዞን ላይ ብዙ ዓመት ሠርቼ ነው የተማርኩት፣ የጠቀመኝም ሌላ ነገር ነው። 2009 ላይ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ሁላችንም የምናወራው ስንት ልጅ ሥራ ይገባል ስለሚለው ነበር። ክፍል ውስጥ መምህራችን አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ከገጠር የመጣችው ልጅ የት ታድራለች? ኪራይ ከፍላ ምን ይተርፋታል? ማታ ከፈረቃ ስትወጣ በምን ትሄዳለች? ሥራው የአንዱ መሥሪያ ቤት ነው፣ ቤቱ የሌላው፣ ትራንስፖርቱ የሌላው፣ ልጅቷ ግን አንድ ሰው ናት። ያን ቀን ስንት ዓመት ቁጥር ብቻ ስሞላ እንደኖርኩ ገባኝ፣ አንጀቴን ነው የበላኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቅድ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ማን እንደተረሳ ነው። ስብሰባ ላይም የምናገረው ነገር አገኘሁ። አለቆቼ ሁሌ ሰምተውኛል አልልህም፣ ግን አንዳንዴ ሰምተዋል። ከተማርክ የመመረቂያ ጽሑፍህን እዚሁ ከተማችን ጉዳይ ላይ ሥራ።

የጦሳ ልጅ፦
እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ጠዋት ሰው ሀብት እገባለሁ። መደቡ ላይ ባይኖርም እንኳ ልቤ ወደ መማሩ አድልቷል፣ የኮምቦልቻ የሠራተኞች ኪራይ ጉዳይ እኔንም ሲያሳስበኝ የቆየ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይክፈልልኝ ብዬ ልጠይቅ ወይስ በራሴ?

ቦርከና ዳር፦
ጠይቅ እንጂ! ግን የአገልግሎት ውል ያስፈርሙሃል፣ ስንት ዓመት እንደሚያስርህ ሳታነብ እንዳትፈርም።