በእጅ የሚመገቡ የፓራኪት (ትንንሽ በቀቀን) ጫጩቶች፣ ጅማ ያላችሁ እርዱኝ

ልጅ ከሂርማታ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሁለት የፓራኪት ጫጩት ይዞልኝ መጣ፣ ሻጩ አራተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል በእጅ ነው የሚበሉት ብሎታል፣ ክንፋቸው ላባ አውጥቷል ሆዳቸው ጋ ግን ገና ቆዳው ይታያል። ወፍ አሳድጌ አላውቅም። የምግባቸውን ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በሲሪንጅ ስጡ ከማለት ውጪ ምንም አልነገረውም። በቀን ስንቴ ልስጥ፣ ሙቀቱስ ምን ያህል ይሁን? ደሞ ትንሿ ማታ በልታ አንገቷ ስር ያበጠው እስካሁን አልጎደለም፣ በጣም ጨንቆኛል። እማዬ ወተት ስጫቸው ትላለች፣ ልስጥ እንዴ?

ላባ፦
እህቴ ወተቱን ተይው፣ የወፍ ሆድ ወተት አይፈጭም። ያበጠው ምግብ መጀመሪያ የሚጠራቀምባት ከረጢት ናት፣ ማታ የሞላች ጠዋት ባዶ መሆን አለባት። ብዙ ጊዜ የማትጎድለው ጫጩቷ ስትበርዳት ወይ ምግቡ ሲቀዘቅዝ ነው፣ በላዩ አዲስ ምግብ እንዳትጨምሪ ውስጥ ኮምጥጦ ይገድላታል። አሁኑኑ አሙቂያት፣ ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ካርቶኑ ውስጥ በአንድ ጎን ብቻ አድርጊው ከሞቃት እንድትሸሽ፣ ካርቶኑ ውስጥ ወደ 28 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መብራት ቢጠፋም ይሄ ይሰራል። ከዛ ሁለት ሶስት ጠብታ ለብ ያለ ውሃ ሰጥተሽ ከረጢቷን በጣትሽ ቀስ አርገሽ እሺያት። እስከ ከሰዓት ካልወረደ ወይ አፏ ኮምጣጣ ከሸተተ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ምግቡ ከ39 እስከ 41 ዲግሪ ነው፣ በእጅሽ አትገምቺ፣ የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ይበቃል። ከዛ በላይ ከሞቀ ከረጢቷን ያቃጥላል፣ ቁስሉ ደግሞ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው። ማይክሮዌቭ አትጠቀሚ፣ አንዱ ጋ ፈልቶ አንዱ ጋ ይቀዘቅዛል፣ ኩባያውን ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጪው። በዚህ ዕድሜ በቀን ሶስት አራቴ በቂ ነው፣ መጠኑ የክብደቷ አንድ አስረኛ ገደማ፣ 30 ግራም ከሆነች 3 ሚሊ። የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው ካለ ለምኚና በየጠዋቱ ሳትበላ መዝኛት።

የእንስሳት ህክምና ተማሪ፦
ላባ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ መርፌውን አውጥተሽ ሲሪንጁን አፏ ውስጥ በራሷ ግራ በኩል አስገቢና ወደ ቀኟ አዘንብዪው፣ የምግቡ ቧንቧ በዛ በኩል ነው። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ስትቀበል ብቻ ግፊ፣ ንቅናቄው ካቆመ አንቺም አቁሚ፣ አለበለዚያ ሳንባዋ ይገባል። ከያንዳንዱ ምግብ በፊትም በኋላም እጅሽን ታጠቢ፣ ከነዚህ ወፎች ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ። ትንሿ ካልተሻላት ዩኒቨርሲቲው የግብርናና እንስሳት ህክምና ኮሌጅ ሄደሽ ጠይቂ።

እትዬ ቆጪ፦
ልጄ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጫቸው። የከሰሉ፣ የሚቆላው ቡና፣ የእጣኑ ጭስ ለነሱ ሳንባ ከባድ ነው፣ እኛ ጅማ ደሞ ቡና ሳናፈላ አንውልም፣ ሌላ ክፍል አድርጊያቸው በሩንም ዝጊ። የማይጣበቅ መጥበሻ ባዶውን ሲግል የሚያወጣው ጭስማ ወዲያው ነው የሚገድላቸው። አቡካዶ ደግሞ በየጓሮው ነው፣ መርዛቸው ስለሆነ ልጆቹ እንዳያቀምሷቸው ንገሪያቸው። ቡናም እንደዛው።

ልጅ ከሂርማታ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! አሙቄያት ከሰዓት ላይ ከረጢቷ ጎደለ፣ በቴርሞሜትር ለክቼ ትንሽ ሰጠኋት ተቀበለችኝ። ራሳቸው መብላት የሚጀምሩት መቼ ነው?

ላባ፦
ተመስገን! ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ነው፣ ግን ከአሁኑ ዳጉሳ በዝርግ ሰሃን በትኚላቸው፣ ትንሽ ጎመንም በደንብ አጥበሽ ከትፈሽ፣ መጀመሪያ ይጫወቱበታል እንጂ አይበሉም አትደንግጪ። ሲሪንጁን ባንዴ እንዳታቋርጪ፣ የቀኑን ቀንሺና የማታውን መጨረሻ ላይ ተይው፣ ስትመዝኛት ክብደቷ ከአንድ አስረኛ በላይ ከወረደ ግን መልሰሽ መግቢያት።