የበረዶ ማሽኔ ውሃ ሞልቶ እያለ «ውሃ ጨምር» ትላለች

ሚሚ ከቃሊቲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የበረዶ ማሽን አለችኝ፣ ያቺ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ በረዶ የምታወጣዋ። ሰሞኑን ውሃውን እስከ መስመሩ ሞልቼላት «ውሃ ጨምር» የሚለው መብራት ይበራና ቀጥ ትላለች። ሲላት ደግሞ አንድ ዙር ትሰራና በረዶው ስስ ሆኖ ይወጣል። ፍሪጅ ሰሪው «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» አለኝ። እውነቱን ነው? ክረምቱም እየገባ ስለሆነ እስከ መስከረም ላስቀምጣት አስቤያለሁ፣ እንዴት ላድርጋት?

ኮምፕረሰር፦
እህቴ፣ ቆይ፣ ጋዙን አታስነኪ። ጋዝ ቢያልቅ ኮምፕረሰሩ (የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) እየጮኸ በረዶ እምቢ ይላል እንጂ «ውሃ ጨምር» አይልም። ማሽኗ ከታች ካለው ገንዳ በትንሽ ፓምፕ ውሃ ስባ ላይኛው ትሪ ላይ ትሞላለች፣ ቀዝቃዛዎቹ ዘንጎች እዚያ ውስጥ ይነከሩና በረዶው ዙሪያቸውን ይይዛል፣ ከዚያ ትኩስ ጋዝ በዘንጎቹ ውስጥ ሲያልፍ ይረግፋል። ትሪው በቂ ውሃ ካልደረሰው ውሃ ያለቀ ይመስላታል። የበረዶው መሳሳትም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ከሶኬት ንቀያት፣ ከስር ያለውን ውታፍ ከፍተሽ ውሃውን አፍስሺ፣ ገንዳው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊያት። ማንቆርቆሪያሽ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ያው ነገር እዚህም አለ ማለት ነው፣ የጉድጓድ ውሃ የሚመጣበት ሰፈር ይብሳል።
ደግሞ ጀርባዋን እዪ። «አር 600 ኤ» ከተባለ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው፣ ለማንም ሰሪ ቤት ውስጥ አይከፈትም።

የጀሞዋ፦
ወንፊቱ ብቻውን አይበቃም። አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ከአንድ ሊትር ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ሁለት ሦስት ዙር አሰሪያት፣ የሚወጣውን በረዶ ድፊው፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ እጠቢያት። በረኪና እንዳትቀላቅዪበት አደራ! ከአቼቶ ጋር መርዛማ ጋዝ ያወጣል።
ከሮቶ በቀጥታም አትሙያት። ብርድ ጀርም አይገድልም፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይ የተጣራ ውሃ ነው የሚሻለው።

መብራት ሄደ፦
እኔ ስለ መብራት ልጨምር። ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አታስነሽያት፣ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ዲቫይደር ላይም ከምጣድ ጋር አትሰኪያት። ከአሜሪካ የተላከች የ110 ቮልት ከሆነች ትራንስፎርመር የግድ ነው፣ እሱም ቢሆን የእኛን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ የሚመላለስበትን ምት) ማሽኗ ወደምትፈልገው 60 ስለማይቀይረው ኮምፕረሰሩ ሊግል ይችላል። እኔ ይሄን የትራንስፎርመር ነገር አልወደውም፣ የ220ውን መግዛት ነው የሚሻለው።

የጀሞዋ፦
ለክረምቱ ደግሞ ዋናው ማድረቅ ነው። ውሃውን ጨርሰሽ አፍስሺ፣ ትንሽ አዘንብለሽ የቀረውን አንጠባጥቢ፣ በጨርቅ ጥረጊና ክዳኗን ከፍተሽ አንድ ሁለት ቀን ተያት። እርጥብ እያለች በፌስታል ከታሰረች መስከረም ላይ ሻጋታ ነው የምታገኚው። ቁማ ትቀመጥ። ተኝታ ከቆየች ወይ በመኪና ከተጓጓዘች ከማስነሳትሽ በፊት አንድ ቀን አቁሚያት፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ይመለስ። ስትጀምሪ የመጀመሪያውን በረዶ ጣዪው።

ሚሚ ከቃሊቲ፦
ወይኔ፣ ወንፊቷ ላይ የነበረው ኖራ ነው የሚመስለው! ፈትጌያት አሁን እያረገፈች ነው፣ ተባረኩ። አቼቶውን ነገ አደርጋለሁ። ግን በረዶው ቅርጫቱ ውስጥ ሲቆይ ለምን ይቀልጣል? ችግር ነው?

ኮምፕረሰር፦
ችግር የለውም፣ ቅርጫቱ ፍሪዘር አይደለም። የቀለጠው ወደ ገንዳው ይመለስና እንደገና በረዶ ይሆናል። ማቆየት ከፈለግሽ እየሰበሰብሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ማሽኗን ደግሞ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቂያት፣ ትተንፍስ።