በመሃል አዲስ አበባ ለምንሠራ ነርሶች፦ የግብር ምክር፣ የሙያ ሥልጠናና ቁጠባ ከየት ቢገኝ ይሻላል? (ጥቆማ)

ከጥቁር አንበሳ እስከ ዘውዲቱ፣ ከራስ ደስታ እስከ የካቲት 12 ባሉት ሆስፒታሎችና በዙሪያቸው በተከፈቱት የግል ክሊኒኮች የምንሠራ ነርሶች፣ ከደመወዛችን ስለሚቀነሰው ግብር ማን በትክክል እንደሚያስረዳን፣ ለፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን ሥልጠና ከየት እንደምናገኝና የተረፈንን ገንዘብ የት ብናስቀምጥ እንደሚሻል ዘወትር እንጠያየቃለን። ያሉትን አማራጮች እርስ በርስ አነጻጽሬ የደረስኩበትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ለመግለጽ ያህል፣ በደመወዝ ብቻ የሚተዳደር ነርስ ለግብር ጉዳይ አማካሪ መቅጠር አያስፈልገውም፤ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ለትምህርት ቢያውለው ይሻላል።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት፣ በወር እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የመቀጠር ገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። እያንዳንዱ ምጣኔ የሚሠራው በእርከኑ ውስጥ በሚወድቀው ገንዘብ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ «ዱቲ (ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚሠራ ተረኝነት) ስጨምር ወደ ላይኛው እርከን ገብቼ ጠቅላላ ደመወዜ ይቀንሳል» የሚለው በብዙዎቻችን ዘንድ የሚሰማው ስጋት መሠረት የለውም። ለምሳሌ የ10,000 ብር ደመወዝ ግብር 1,650 ብር ነው፤ በዚያው ወር 3,000 ብር የዱቲ ክፍያ ቢታከልበት ጠቅላላ ግብሩ 2,550 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ ከዱቲው 900 ብር ለግብር ሄዶ 2,100 ብሩ ለሠራተኛው ይደርሳል። ለጡረታ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው ይቀነሳል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። የሦስት ወር ዱቲ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ግብሩ በየወሩ ተከፋፍሎ ይሁን በአንድ ተደምሮ እንደተሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የልዩነቱ መጠን ቀላል አይደለምና።

ይህን ስሌት ለማጣራት ሦስት በሮች አሉ። የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤቱ የፋይናንስ ክፍል ነው፤ ፔሮሉን የሚሠራው እርሱ ስለሆነ ስህተት ቢኖር ሊያርም የሚችለውም እርሱው ነው፤ ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብና የወሩ የክፍያ ዝርዝር ቢያያዝበት ምላሹ ይፈጥናል። ሁለተኛው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ምክሩ ክፍያ የለውም፣ የሚሰጠውም ሕጉን በሚያስፈጽመው አካል ነው፤ ሆኖም በግብር ማሳወቂያ ወራት ወረፋው ስለሚረዝም ከዚያ ወቅት ውጭ መሄድ ይመረጣል። ሦስተኛው በስልክ ላይ የሚጫነው የደመወዝ ማስያ ሲሆን ፈጣንና ምቹ ቢሆንም አንዳንዱ እስከ ዛሬ በቀድሞው የ2008 ዓ.ም. አዋጅ ምጣኔ ይሠራል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ 10,000 ብር አስገብታችሁ ግብሩን 1,650 ብር ካላችሁ አዲሱን ሕግ ተከትሏል፤ 2,045 ብር ካላችሁ ግን በአሮጌው እየሠራ ነውና ተዉት።

በግል ሆስፒታል ለተቀጠሩ ባልደረቦቼ ከግብሩ ይልቅ የትርፍ ሰዓት ስሌቱ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ይመስለኛል፤ በዚህ ረገድ የሚገባን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ስለሚቀር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል። ከዚያ በላይ የተሠራ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነና በወር 208 መደበኛ ሰዓት የሚሠራ ነርስ የሰዓት ክፍያው 48 ብር ገደማ ስለሚሆን፣ የሌሊቱ ትርፍ ሰዓት 84 ብር፣ የበዓሉ 120 ብር ግድም ሊታሰብለት ይገባል። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። በስምምነት ያልተፈታ ጉዳይ የሚቀርበው ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ለዚያም ከቃል ይልቅ መዝገብ ይረዳል።

ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ ደግሞ በግል ክሊኒክ ለሚሠሩት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የግብር ሕጉ የአንድን ሰው የወር የመቀጠር ገቢ በድምሩ ስለሚያይ፣ ግብር የማይከፈልበት የመጀመሪያው 2,000 ብር በሁለቱም ቦታ ሁለት ጊዜ ከግብር ነፃ ሆኖ መቆጠር የለበትም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን ለሁለቱም አሠሪዎች ሰጥታችሁ አፈጻጸሙን በገቢዎች ቢሮ መጠየቅ በኋላ ከሚመጣ የውዝፍ ጥያቄ ያድናል። ለሂሳብ ባለሙያ መክፈል ተገቢ የሚሆነው ግን የራሱን ክሊኒክ ወይም የቤት ለቤት እንክብካቤ አገልግሎት በንግድ ፈቃድ ለሚከፍት ነርስ ነው፤ ያን ጊዜም ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለውን ምረጡ፣ ለከፈላችሁትም ደረሰኝ ጠይቁ።

ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና በተመለከተ ቅድሚያ የምሰጠው ጤና ሚኒስቴር በኢንተርኔት ለሚያቀርባቸው ነፃ ኮርሶች ነው፤ በሌሊት ተረኝነት መካከል ባለ ፋታም ሆነ በቤት ውስጥ መከታተል ይቻላል። ድክመታቸው እጅን የሚያለማምድ ክፍል አለመኖሩ ነው። መተንፈስ ላቃታቸው ሕፃናት ማነቃቃት፣ ለድንገተኛና ለፅኑ ሕሙማን ክህሎት በአካል የሚሰጥ ሥልጠና ይሻላል፤ ዋጋ ቢያስከፍልም እዚያ ላይ የወጣ ገንዘብ አይቆጭም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሰጪው ተቋም ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ዕውቅና የሌለው ተቋም ወረቀት በአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መስኮት ላይ ዋጋ የለውም። ሥልጠና ሳይሰጡ ሰርተፍኬት ብቻ የሚሸጡትን ፈጽሞ አልመክርም፤ ጉዳቱ ከገንዘቡ አልፎ በሽተኛው አልጋ ድረስ ይደርሳል።

ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ለማደግ የግል ኮሌጅ የምትመርጡ፣ ዕውቅናው ለምትማሩበት ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቁ፤ ኮሌጁ በሌላ መስክ ያገኘው ዕውቅና ለነርሲንግ አያገለግልም። ለማስተርስ የሚያመለክቱ ደግሞ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ከወር ገቢው እያስቆረጠ የሚከፍል ሲሆን፣ ዕዳው ሳይጠናቀቅ በቴምፖ (በጊዜያዊ የትምህርት ማስረጃ) ብቻ መቆየት ለውጭ ሥራ ወይም ትምህርት ሲያመለክቱ ጊዜ ያስባክናል። በየወሩ የተቆረጠው ገንዘብ ለገቢዎች መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ከአሠሪው ተቀበሉ።

ቁጠባን በተመለከተ ምርጫዬ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ መዋጮው ከፔሮል ላይ ስለሚቆረጥ ገንዘቡ ሳይነካ ይጠራቀማል፣ ብድሩም ከቁጠባው በላይ ስለሚሰጥ ለትምህርት ክፍያ ይሆናል። በመሥሪያ ቤታቸው ማኅበር የሌላቸው እንደ አዋጭ ያሉትን ለሁሉም ክፍት የሆኑ ማኅበራት ሊመለከቱ ይችላሉ። በስልክ የሚቆጠብበት የቴሌብር ሳንዱቅ፣ ባንክ በሚከፈትበት ሰዓት ለሚተኛ የሌሊት ተረኛ እጅግ ምቹ ነው፤ ይሁንና ለመቆጠብ የቀለለው ያህል ለማውጣትም ቀላል ስለሆነ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አልመርጠውም። እቁብ ወለድ ባይኖረውም በሚተዋወቁ ባልደረቦች መካከል ከሆነ ለአንድ ትልቅ ወጪ ይረዳል።

ከመንግሥት ወደ ግል፣ ወይም ከግል ወደ መንግሥት ለምትዛወሩ የመጨረሻ ጥቆማዬ ይህ ነው። በሁለቱም የጡረታ ዐቅዶች የተፈጸመ አገልግሎት ስለሚደመር፣ ከመልቀቃችሁ በፊት የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ ክሊራንስና የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ጊዜ የሚያሳይ ሰነድ በእጃችሁ ያዙ፤ ስማችሁ በፋይዳ፣ በቅጥር ደብዳቤና በጡረታ መለያ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም በዚያው ጊዜ አመሳክሩ።