የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን ተማሪ በምን ልመዝናት?

የ3ኛ ክፍል መምህር፣ ድሬዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጅ አለች። የምንማረው በአማርኛ ነው፣ ቤታቸው የሚወራው ግን ሶማሊኛ ነው። ፊደል አትለይም፣ ንግግሯም ጥቂት ነው። ደብተር ሰብስቤ ስመልስ ግን ሽፋኑን እያየች ለየባለቤቱ የምታድለው እሷ ናት፣ አትሳሳትም! አሁን ሴሚስተሩ ሊያልቅ ነው፣ ሮስተር መሙላት አለብኝ። «ሃምሳ ስጣትና ትለፍ» ይሉኛል፣ አልዋጥልህ አለኝ። ዜሮም ሃምሳም ውሸት ነው፣ ልጅቷ እየተማረች ነዋ። ምኑን ልመዝን?

የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ሐረር፦
መጀመሪያ ጆሮዋና ዓይኗ ተመርምሯል? ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ላይ የመስማትና የማየት ችግር በብዛት አለ፣ ሳይታወቅ ቀርቶ «አይገባትም» የሚባሉ ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ቋንቋው። በአማርኛ ጠይቀሃት ዝም ካለች ምኑን እንደማታውቅ በምን ታውቃለህ? ሶማሊኛ የሚችል ሰው አጠገብህ አድርግ። ከጠየቅክ በኋላ ደግሞ ጠብቃት። እኛ መምህራን ቶሎ ጥያቄውን እንደግማለን፣ እሷ መልሱን እያሰበች ሳለ እንደገና እናስጀምራታለን። በጣቷ ብትጠቁም፣ ከሁለት ሥዕል አንዱን ብታነሳ፣ መልስ ነው።

ከዛ በየቀኑ የሚያስፈልጋትን አንድ ሥራ ምረጥ። እጅ መታጠብ እንበል። እጅጌ መሰብሰብ፣ የበርሜሉን ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት። ከእያንዳንዱ ጎን «ለብቻዋ»፣ «ሲነገራት»፣ «ሲጠቆማት»፣ «እጇ ተይዞ» ከሚሉት አንዱን ጻፍ። መስከረም ላይ ሳሙናውን እጇን ይዘህላት ካነሳች፣ ጥር ላይ ደግሞ ስትጠቁማት ብቻ ካነሳች ተምራለች፣ ማርኳ ይሄ ነው። ስታስተምራት ከመጨረሻው ጀምር፦ ሌላውን አብራችሁ ሥሩና ቧንቧ መዝጋቱን ለሷ ተውላት። እሱን ስትችል ማለቅለቁን ጨምርላት፣ እንዲህ እያልክ ወደ ላይ ውጣ። ሁልጊዜ ሥራውን የምትጨርሰው እሷ ስለሆነች ደስ ይላታል፣ ነገም ትመጣለች።

እናት፣ ከዚራ፦
አቦ እንኳን ጠየቅክ! የኔ ልጅ ካርድ በየዓመቱ «ተዛውሯል» ይላል፣ ምን እንደቻለ የጻፈልኝ መምህር ግን የለም። ሒሳብ ፈተና ላይ ዜሮ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሳምቡሳ ራሱ ይገዛል፣ አስር ብሩን ከሃምሳው ይለያል፣ መልሱን ሳይቀበል አይሄድም። ይሄን የለመደው በእውነተኛ ብር ነው፣ ደብተር ላይ የተሳለ ብር ብታሳየው ምንም አይልህም። እናቷን ጠርተህ ልጅቷ ቤት ምን እንደምትሠራ ጠይቃት፣ ከማንም በላይ ልጇን የምታውቀው እሷ ናት።

ጠያቂው፦
ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን ሮስተሩስ? ደግሞ ክፍሉ ሞልቷል፣ ለሷ ጊዜ ከየት ላምጣ?

የአካቶ ትምህርት ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦
ቁጥሩን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ወስኑ፣ ግን ካርዱ ላይ አንድ ገጽ አያይዝ፦ ምን ለብቻዋ ትሠራለች፣ ምን በእገዛ፣ ቀጣዩ ግብ ምንድን ነው። የግል የትምህርት ዕቅድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ውለታም አይደለም፤ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 24 ላይ ለየተማሪው የሚያስፈልገው ድጋፍ እንዲሰጥ ተጽፏል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ከክፍሉ ትምህርት አታውጣት። አሜሪካኖቹ እንዲህ ላሉ ተማሪዎች አማራጭ ፈተና አላቸው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው ግን በየትምህርቱ ከተፈታኞች ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል፣ መደበኛውን መፈተን የሚችል ልጅ ሁሉ ወደዛ እንዳይገፋ። ስለዚህ ሌሎቹ ምንባብ ሲያነቡ እሷ የባለታሪኩን ሥዕል ትምረጥ። ጊዜም አይወስድብህም፣ እነሱ የክፍል ሥራ ሲሠሩ ጠጋ ብለህ ታያታለህ። የእጅ መታጠቡን ደግሞ ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ መዝግበው፣ ያኔ መታጠቧ አይቀርም።

እናት፣ ከዚራ፦
ሶማሊኛ የሚያስተረጉምልህ ካጣህ በውስጥ ጻፍልኝ፣ እህቴ ትችላለች፣ ጠዋት ጠዋት ነፃ ናት።