ለመካከለኛ ዕድሜ የሚስማማ የተራራ ጉዞ ልብስ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ስሆን ቀኑን ሙሉ የሚወስድ የእግር ጉዞ እወዳለሁ። አቀበት ስወጣ ድንገተኛ ሙቀት ይወርረኛል፤ ጥቂት አረፍ ስል ደግሞ የጥጥ ቲሸርቴ ላይ የቀረው ላብ ያንቀጠቅጠኛል። የሱሪዬ ወገብ በጀርባ ቦርሳው ማሰሪያ ሥር እየተጠቀለለ ያሳምመኛል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ስገዛም ወገቡ ቢበቃኝ ጭኑ ይንዘላዘላል። በየቦታው አርማና ደማቅ መስመር ያለበትን ልብስም አልወደውም። ምን ብፈልግ ይሻለኛል?

መልስ 1፦ በቅድሚያ የጥጡን ቲሸርት ይተዉት፤ ጥጥ ላብ ጠጥቶ ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ሲያርፉ ሰውነትዎን ያቀዘቅዘዋል። ፖሊስተር ውኃ እምብዛም ስለማይመጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታ ግን ይይዛል። የሜሪኖ በግ ሱፍ ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት በክሩ ውስጥ ይዞም እንኳ ቆዳ ላይ እርጥበቱ ብዙም አይሰማም፤ ድክመቱ ውድ መሆኑና ስስ ከሆነ ቶሎ መቀደዱ ነው። ለድንገተኛው ሙቀት ግን ከጨርቁ ዓይነት ይልቅ የሚረዳዎት፣ እየተራመዱ ሊከፍቱትና ሊዘጉት የሚችሉት እስከ ደረት የሚወርድ ዚፕ ነው።

መልስ 2፦ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በእኔ እምነት የእርስዎ ችግር ከጨርቁ ይልቅ ቅዱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ መነሻ ልክ ይወሰድና ሌሎቹ ቁጥሮች እርሱን በማስፋት ይወጣሉ፤ በዚህ ዕድሜ ግን የብዙ ሰው ወገብ ከጭኑ ይልቅ ስለሚሰፋ ትልቁ ቁጥር አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ ወገቡ ሰፋ ያለ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ የተቆረጠ፣ ውስጡ ለስላሳ ላስቲክ ያለው፣ የቦርሳው ማሰሪያ በሚያርፍበት ቦታ ቁልፍም ሆነ ወፍራም ስፌት የሌለበት ሱሪ ይፈልጉ። በሁለቱ እግሮች መገናኛ ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ጨርቅ የገባበት ከሆነ ጭን አይፋቅም፣ እግር ሲነሣም ወገቡ ወደ ታች አይሳብም። የላይኛው ልብስ የትከሻ ስፌትም የቦርሳው ማንገቻ ከሚያርፍበት ቦታ ራቅ ያለ ይሁን። ሲለኩ መስታወት ፊት ቆመው ብቻ አይወስኑ፤ ቁጢጥ ይበሉ፣ ጉልበትዎን ወደ ላይ ያንሡ፣ ከተቻለም ቦርሳዎን አዝለው ይሞክሩት።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ዝናብ የማያስገባው ጃኬቴም አቀበት ላይ ውስጡ ይረጥባል፤ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 3፦ የግድ አልተበላሸም። እንዲህ ያለው ጃኬት እንፋሎትን የሚያስወጣው በዝግታ ስለሆነ፣ ላብዎ ከዚያ ከፈጠነ ውስጡ ይረጥባል። ዝናቡ ከውጭ በኩል ጠብ ጠብ እያለ መውረዱን ትቶ ጨርቁ ውስጥ ከሰረገ ደግሞ አጥበው ውኃ የሚከላከለውን ቅብ ያድሱለት። ዝናብ በሌለበት ነፋሻ ቀን ስስ የነፋስ መከላከያ ይበቃል። ጃኬት መቀየርዎ ካልቀረ ብብቱ ላይ ዚፕ ያለውን ይምረጡ።

መልስ 4፦ ስለ መልኩ አንድ ነገር ልጨምር። አርማ የሌለበት ድፍን ቀለም ከተራራም ውጭ ይለበሳል፤ ነገር ግን ነጣ ያለ ግራጫ ላብን አጉልቶ ስለሚያሳይ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ደቃቅ ጥለት ያለበት ይሻላል።